ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ባለፈው ማርች አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ፎርድ ማስታንግ ጂቲ፣ የ2007 ሞዴል፣ ኮንቨርቲብል። 104,000 ማይል ሄዷል። ዋጋው 9,800 ዶላር። ከፎቶው ሥር አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፦ «እንሂድ?»

ልቡ ሸፍቷል ማለት ነው።

እኔ በዚህ በሽታ አንዴ ታምሜ ድኛለሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት ጃንዋሪ ላይ አንድ ኮንቨርቲብል ገዛሁ። በብርዱ ወራት ፈላጊ ስለሌለው ይረክሳል ብዬ ነው። ሻጩ «በዚህ ብርድ ጣሪያውን መክፈት ጥሩ አይደለም፤ የኋላው ፕላስቲክ መስኮት ይሰነጠቃል» አለኝ። አባባሉ እውነትነት አለው። ደረቅ ያለ ፕላስቲክ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አመንኩት። ኤፕሪል ላይ ቁልፉን ስጫን ከኋላ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ወጣ። ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም። ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሞቷል። ከሺ ዶላር በላይ አስወጣኝ።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚያ ገንዘብ የተገዛ ነው። የምጽፈው እኔ ከምኖርበት ከሜሪላንድ አንጻር ነው፤ የወረቀቱ ነገር በየስቴቱ ይለያያል። መኪናው ግን የትም መኪና ነው።

1. ከሶፋ ሳትነሱ

ለሻጩ ደውሉና «ስለ መኪናው ነው የደወልኩት» በሉ። የመኪናውን ስም አትጥሩ። «የትኛው መኪና?» ብሎ ከጠየቀ ሰውየው የራሱን መኪና የሚሸጥ ሳይሆን ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ታይትሉ፣ ማለትም ሊብሬው፣ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። የባንክ ዕዳ እንዳለበትም ጠይቁ።

ቀጥሎ ቪን የሚባለውን የሻንሲ ቁጥር ተቀበሉ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አልሰጥም ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ በነፃ የሚያስተካክለው የፋብሪካ ጉድለት፣ ካለ በነፃ ይነግራችኋል። የማስታንግ ነገር ከተነሳ ይህን አትለፉ። ከ2005 እስከ 2014 ያሉት ማስታንጎች ታካታ የሚባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ሪኮል ውስጥ ገብተዋል። ይሄ ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሊረጭ ይችላል፤ ሰውም ገድሏል። ቅያሬው ነፃ ነው። መሠራቱን ግን በቃል ሳይሆን በቁጥሩ አረጋግጡ።

የኢንሹራንስ ወንጀልን የሚከታተለው ኤንአይሲቢ የሚባለው ተቋምም ያው ቁጥር የተሰረቀ ወይም ሳልቬጅ የተባለ መኪና መሆኑን በነፃ ያሳያል። አገር ቤት ሰልባጅ የልብስ ነገር ነው፤ መርጦ የገዛ ያጌጥበታል። እዚህ ሳልቬጅ ታይትል ማለት ኢንሹራንሱ «መጠገኑ አያዋጣም» ብሎ እጁን ያነሳበት መኪና ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ጎርፍ የነካው ነው። በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን፣ በ2022 ኢያን የተባለው ፍሎሪዳን ሲያጥለቀልቁ ብዙ መኪና ውሃ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለው መኪና ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ ወደ ሌላ ስቴት ተጭኖ ይሸጣል። የካርፋክስ ወይም የአውቶቼክ የመኪና ታሪክ ሪፖርት ገዝታችሁ ንጹሕ ቢወጣም ያ የሚነግራችሁ ሰው ሪፖርት ያደረገውን ብቻ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የኢንሹራንስ ዋጋም ጠይቁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የቪ-ኤይት ማስታንግ ኢንሹራንስ ስንት እንደሆነ ስንሰማ የአክስቴ ልጅ ትንሽ ዝም አለ።

2. ቡናው ይቆይ

ከቤት ስትወጡ እነዚህን ያዙ፦ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ የወረቀት ፎጣ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሃያ ሰላሳ ዶላር የሚሸጠው፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው የኦቢዲ ስካነር። መኪናውን የማይወድ አንድ ሰውም አስከትሉ። ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ለሻጩ ቀድማችሁ «ሞተሩን እንዳታስነሱት» በሉት። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል።

ቨርጂኒያ ስንደርስ ሻጩ ሀበሻ ሆነው ተገኙ። ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሰው። መኪናው የልጃቸው ነበር፤ ልጁ ሌላ ስቴት ሄዷል። «ግቡ፣ ቡና ተፈልቷል፤ መኪናው የትም አይሄድም» አሉን።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው። አቦል ጠጥቶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ተባብሎ ከወጣ በኋላ በሰው መኪና ሥር ተንበርክኮ መሽተት ያሳፍራል። ይሉኝታ ይይዛል። «ጋሼ፣ ብርሃን እያለ እንየውና ቡናውን በኋላ እንጠጣለን» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም።

3. ውሃው የት ይሄዳል?

ኮንቨርቲብል ስትገዙ ከሞተሩም ከቀለሙም በፊት የሚመለሰው ጥያቄ ይሄ ነው። ተራ መኪና ላይ ጣሪያው አንድ ወጥ ብረት ነው። ኮንቨርቲብል ላይ ጨርቅ፣ ጎማና መገጣጠሚያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጥቂት ውሃ ወደ ውስጥ እንደሚገባ መሐንዲሶቹም ያውቃሉ። ስለዚህ መሄጃ ሠርተውለታል፦ ከጣሪያው ግርጌ ሰብስቦ በቱቦ ከመኪናው ሥር የሚያወጣ ቀዳዳ። ያ ቀዳዳ በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ወደ ምንጣፉ ይሄዳል።

በሩን ከፍታችሁ ከመግባታችሁ በፊት አሽትቱ። የሻገተ ሽታ አለ? ከሱ የባሰው ደግሞ ኃይለኛ ሽቶ ነው። ቀዩ ማስታንግ ውስጥ ሦስት የጥድ ዛፍ ቅርጽ ያላቸው አየር ማደሻዎች ተሰቅለው ነበር። አንድ ቢሆን አልገረምም። ሦስት ግን አንድን ነገር ለማፈን ነው።

ከዚያ እጃችሁን ከምንጣፉ ሥር አስገቡ። ከላይ ያለውን ተነቃይ ምንጣፍ ሳይሆን የተሰፋውን። አራቱንም የእግር ቦታ፣ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከኋላው ኮፈን ውስጥ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ። ነጩን ወረቀት አስገብታችሁ ተጫኑት። እኔ በጋቢናው በኩል ስጫነው ወረቀቱ ረጥቦ፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

«ትናንት አሳጥቤው ነው» አሉ ጋሼ።

ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋሁና የታሰረበትን ቡሎን በባትሪ አየሁት። ዝጓል። ትናንት የታጠበ መኪና ይረጥባል እንጂ ቡሎኑ በአንድ ሌሊት አይዝግም። የደህንነት ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ሳቡት። ጎርፍ የነካው መኪና ከሆነ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ በሚኖረው ክፍል ላይ የጭቃ መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። የኛው ቀበቶ ንጹሕ ነበር፤ ጎርፍ አይደለም፣ ዝናብ ነው ማለት ነው።

የሚገርመው ውሃው የመጣው ከጣሪያው አልነበረም። ከ2005 እስከ 2009 ያሉት ማስታንጎች አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው ካለበት ፕላስቲክ በታች፣ ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃ ወደ ጋቢናው እግር ይወርዳል። እዚያው ጎን ላይ ደግሞ የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ተቀምጧል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ክፍል ተከራይተዋል ማለት ነው።

ይሄ የአንድ ማስታንግ ብቻ ነገር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የፖርሽ ቦክስተሮች፣ ማለትም እስከ 2004 በተሠሩት፣ የቁልፉን መለያ የያዘው ኮምፒውተር ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ወለሉ ውሃ ከያዘ መኪናው ባለቤቱን አላውቅህም ይላል። በአሮጌዎቹ የማዝዳ ሚያታዎች ደግሞ የጣሪያው ውሃ መውጫ ሲደፈን ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ውስጥ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ስለምትገዙት ሞዴል ቀድማችሁ አንብቡ። ሁሉም የራሱ ደካማ ቦታ አለው።

የመጨረሻው ፈተና የያዛችሁት ውሃ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጣሪያው ግርጌ ባለው መውጫ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥር ይይ። ቶሎ ከወጣ ጥሩ። ካልወጣ ተደፍኗል። በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ቱቦው ይበሳል። የሣር ማጨጃ የናይለን ገመድ ይሻላል፤ እሱም መኪናው የእናንተ ከሆነ በኋላ።

4. ጣሪያውን ሁለቴ ክፈቱ፣ ሁለቴ ዝጉ

«ይሠራል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። «በብርድ አይከፈትም» የሚለውንም፣ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። ብርድ ከሆነ ሞቅ ያለ ቀን ጠብቁ፤ መኪናው እስከዚያ ቢሸጥ ይሸጥ።

ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ክፈቱት። ሁለቱም ጎን እኩል ይሂድ። አንዱ ጎን ከዘገየ የሚገፋው ሲሊንደር ደክሟል ወይም ዘይት እያፈሰሰ ነው። ፓምፑ የሚያቃስት ከሆነ፣ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሻጩ በእጁ «እንዲህ ደገፍ አድርገው» ካለ፣ ያ እጅ ዋጋ አለው። ለሁለተኛ ጊዜ የምትከፍቱት አንዳንዱ ጣሪያ አንዴ ከተሠራ በኋላ ስለሚደክም ነው።

የሃይድሮሊክ ዘይት ጠብታ ፈልጉ፤ ከኋላው ኮፈን ውስጥ፣ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ። በአንዳንድ የቆዩ መርሴዲሶች፣ ለምሳሌ በሲኤልኬ ካብሪዮ፣ ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው የመቆለፊያ ሲሊንደር ሲያፈስ ዘይቱ በሹፌሩ አናት ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቶቹ «አረንጓዴው ሻወር» ይሉታል። ሸሚዙን ያበላሸበት ሰው አውቃለሁ።

ጨርቁን በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ተመልከቱ፤ የሚያልቀው እዚያ ነው። የኋላው መስታወት ከጨርቁ ጋር የተጣበቀበትን ዙሪያ በጣት ተጫኑ። መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ዝጉና ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ፈልጉ።

የማስታንጉ ጣሪያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ አዲስ ነበር የሚሠራው። የአክስቴ ልጅ ሲከፈት እያየ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። የእርጥቡን ወረቀት ነገር ረስቶታል።

5. አጥንቱ

ጣሪያ ሲቆረጥ መኪናው ጥንካሬውን ከወለሉና ከበሩ ሥር ካለው ደፍ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለ ዝገት ተራ መኪና ላይ ካለው ይከብዳል። በባትሪ ከሥር እዩ፤ በጣት ተጫኑ። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር ብቻ የተቀባ ከሆነ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። የበሮቹ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን። መካኒኩ በክሪክ ሲያነሳው በሩ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ ወይም ክፍተቱ ከተቀየረ መኪናው ወገቡ ላልቷል።

የጎማውንም ዕድሜ እዩ። በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። የኛው 3116 ይል ነበር፤ የ2016 ሠላሳ አንደኛው ሳምንት። ጥርሱ ገና ነው፣ ጎማው ግን አርጅቷል። ጋራዥ እየዋለ በእሁድ ብቻ የሚነዳ መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

6. መብራቶቹ

ሞተሩን ሳታስነሱ ኮንታክት ብቻ አድርጉ። የቼክ ኢንጂንና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ቶሎ ይጠፋሉ። ጭራሹን ያልበራ መብራት ካልጠፋው ይበልጥ ያስፈራል። አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስካነሩን ሰኩ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ የተሸጠ የቤንዚን መኪና ሁሉ መሰኪያው አለው፤ ከመሪው ሥር ነው። የብልሽት ኮድ ባያሳይም «ሬዲነስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ መጨረሱን ያሳያል። ብዙዎቹ «አልተዘጋጀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። የኛው ላይ አራቱ አልተዘጋጁም። ጋሼ «ልጄ ባትሪ ሳይቀይር አይቀርም» አሉ። ኮፈኑን ከፍተን የባትሪውን ስቲከር አየን። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ የልጃቸውን መኪና አያውቁትም። ለገዢ ግን ሁለቱም አንድ ነው።

7. መንዳትና መካኒክ

በሁለቱም መልክ ንዱት፤ ተዘግቶም ተከፍቶም። ሃይዌይ ላይ 65 ማይል ድረስ። ጉብታ ስታልፉ የውስጥ ስፖኪዮውን እዩ። ጥቂት መንቀጥቀጥ የኮንቨርቲብል ጠባይ ነው። ምስሉ እስኪጠፋ ከተንቀጠቀጠ ግን ወደ ቁጥር 5 ተመለሱ።

ከዚያ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ጋ ውሰዱት። ክፍያው የእናንተ ነው። «ለምን ገንዘብ ታባክናላችሁ?» የሚል ይኖራል። ጭራሹን አልፈቅድም የሚል ካለ ደግሞ አመስግናችሁ ሂዱ። ጋሼ ፈቀዱ። በነገራችን ላይ በዚህ ማስታንግ ላይ ካንዴላ መቀየሩን ጠይቁ። የዚያ ዘመን ባለ 4.6 ሊትር ሞተሩ ካንዴላ ሲፈታ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ በመቅረት ስሙ የጠፋ ነው። የኛው ተቀይሮ አያውቅም።

8. አሁን ወስኑ፣ በወረቀት

ያገኛችሁትን ሁሉ በሦስት ክፈሉ።

የመጀመሪያው «ተወው» ነው፦ የደፍ ዝገት፣ የጎርፍ ምልክት፣ ውሃ የነካው ኤሌክትሪክ፣ ስም የማይገጥም ታይትል፣ መካኒክ የማያስነካ ሻጭ። እዚህ ውስጥ አንድ ነገር ከገባ እኔ አልደራደርም።

ሁለተኛው «ዋጋ ቀንስ» ነው፦ የደከመ ፓምፕ፣ ያለቀ ጨርቅ፣ ያረጀ ጎማ፣ ጊዜው ያለፈ የታይሚንግ ቀበቶ። ዋጋቸው ይታወቃል፤ ይሰላል።

ሦስተኛው «ምንም አይደል» ነው፦ የተጫረ ቀለም፣ የደበዘዘ ጨርቅ፣ ትንሽ የንፋስ ድምፅ። ገዢ ሁሉ የሚያየው እነዚህን ስለሆነ ለመደራደሪያ ግን ይጠቅማሉ።

የማስታንጉ የኤሌክትሪክ ሳጥን ማያያዣዎች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ነበር። እኔ «ተወው» አልኩ። የአክስቴ ልጅ «ርካሽ እኮ ነው» አለ። እሺ፣ እናስላው ተባባልን። መካኒኩ የነገረን ግምት፦ ጎማ 640፣ ካንዴላ 450፣ ማሸጊያው 350፣ ሳጥኑና ምንጣፉ 1,100። ድምሩ 2,540። እኔ ሁልጊዜ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ ላልታየው። 3,810 ሆነ። ችግር የሌለበትን ተመሳሳይ መኪና በዚያ ሰሞን 11,500 አካባቢ አይተናል። ከሱ ላይ ስንቀንስ 7,690 ቀረ። የተጠየቅነው 9,800 ነው። ርካሽ ያልነው መኪና በሁለት ሺ ዶላር ውድ ሆኖ ተገኘ።

ለጋሼ ስሌቱን አሳየናቸው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «ከ9,000 አልወርድም ልጆቼ» አሉ። ቡናውን ጠጥተን ወጣን። ሁለተኛውንም፣ በረካውንም።

የአክስቴ ልጅ በሜይ የ2012 ማዝዳ ሚያታ ገዛ። ጣሪያው በእጅ የሚከፈት ነው፤ መቆለፊያውን ፈትቶ ወደ ኋላ መጣል ብቻ። ፓምፕ የለው፣ ሲሊንደር የለው። ሞተሩ ታይሚንጉ በሰንሰለት ስለሆነ የቀበቶ ወጪም የለበትም፤ በአሮጌዎቹ ሚያታዎች ግን በየ60,000 ማይሉ የሚቀየር ቀበቶ ነው። የጨርቁ አንድ ማዕዘን ተበልቷል፣ የግራው በር ተጭሯል። ሁለቱንም ዋጋ ውስጥ አስገባናቸው።

9. ገንዘቡን ስትሰጡ

ባንክ ውስጥ ተገናኙ። ታይትሉ ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር፣ የታይትሉን ቪን ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ጋር አስተያዩ። የማይሉ ቁጥር በትክክል ይጻፍ። እኛ አካባቢ ሰሌዳው ከሻጩ ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ መኪናውን ወደ ቤት በምን እንደምትወስዱት ቀድማችሁ አስቡ። ሜሪላንድ የምታስመዘግቡ ከሆነ የስቴቱን የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ብልህ ገዢ ይህን ሻጩ አስቀድሞ እንዲያስደርግ ይጠይቃል። ከነጋዴ የምትገዙ ከሆነ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። «አዝ ኢዝ» ካለ ከበሩ ከወጣችሁ በኋላ የሚበላሸው ሁሉ የእናንተ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው የፌዴራል ሕግ እዚህ ላይ አይሠራም።

የአክስቴ ልጅ ቼኩን ከመፈረሙ በፊት ከቦርሳው የውሃ ጠርሙስ አወጣ። ባንኩ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ሻጩ እያየው፣ ጣሪያውን ገለጥ አድርጎ በግራው መውጫ አፈሰሰ። እኔ አስፋልቱ ላይ በጉልበቴ ነበርኩ። ወረደ። ቀኙም ወረደ።

«ፈርም» አልኩት።